ባለቤት የሌለው ዱር

በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የውይይት ኮሚቴው እንድናገርበት የሰጠኝ ርእስ «አገሩን ለቆ፣ ዱር ገብቶ፣ በገዛ ጕልበቱ ብቻ የሚኖር ሰው» የሚል ነው። ርእሱን የመረጡት ጓደኞች ያሰቡት፣ የከተማ ኑሮ ሰልችቷቸው ባሕር ተሻግረው የሚሄዱትን፣ ግንድ ፈልጠው ቤት የሚሠሩትን፣ ጎመንና ድንች ተክለው፣ የዝናብ ውኃ አጠራቅመው፣ «ከእንግዲህ የማንንም እጅ አናይም» የሚሉትን ፈረንጆች መሆኑ ግልጽ ነው። ከእኛም መካከል የእነርሱን ኑሮ በስልክ መስተዋት እየተመለከተ የሚጎመጅ አልጠፋም። ምኞቱን አልነቅፍም። ዲግሪውን ይዞ ከአንዱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ሌላው ሲዞር የከረመ ሰው አንዲት ጎጆና አንዲት ማሳ ቢያምረው ምን ይደንቃል?

ይሁን እንጂ ይህን ርእስ የምንወያይበት ስፍራ ወልድያ መሆኑን መዘንጋት የለብንም። ከዚህ በደሴ መንገድ ወደ ደቡብ ጥቂት ቢሄዱ ሲሪንቃ፣ ቀጥሎም መርሳ ይገኛል፤ ይኸውም የሀብሩ ወረዳ ነው። ከዚያ ወረዳ የሚወጡ ወጣቶች በጅቡቲ በኩል ባሕሩን በጀልባ ተሻግረው፣ የየመንን በረሃ አቋርጠው ወደ ሳዑዲ ዓረብያ እንደሚሄዱ ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ፈረንጁ ከደመወዝ ሸሽቶ ወደ ማሳ ይመጣል፤ የሀብሩ ልጅ ከማሳ ሸሽቶ ወደ ደመወዝ ይሄዳል። ሁለቱ መንገድ ላይ ቢገናኙ አንዱ ሌላውን ዕብድ ሳይለው የሚቀር አይመስለኝም።

እኔ ግን ከሁለቱ ማንኛው ዕብድ እንደ ሆነ ለመፍረድ አልተነሣሁም። የሄዱትን ሰዎች ታሪክ ስመለከት ልጠይቅ የምወደው ሌላ ነገር ነው። የሄዱበት ዱር የማን ነበር? ከሄዱስ በኋላ ጨው ከማን ገዙ?

አስቀድሜ ከሩቅ ልጀምር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 ፍሪድሪኽ ሪተር የተባለ የበርሊን ሐኪም ሥራውን ትቶ፣ ዶሬ ሽትራውኽ ከምትባል ሴት ጋር ፍሎሬያና ወደምትባል ደሴት ሄደ። ደሴቲቱ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ካሉት ከጋላፓጎስ ደሴቶች አንዷ ስትሆን የኤኳዶር ግዛት ናት። ሰውየው ጥንቁቅ ነበርና በዚያ ዱር የጥርስ ሐኪም እንደማይገኝ አስቦ፣ ከመሄዱ በፊት ጥርሱን ሁሉ አስነቅሎ የብረት ጥርስ አሠርቶ ሄደ ይባላል። እንግዲህ ራስን መቻል ማለት ይህ ነው ብለን ልናደንቀው እንችላለን። ነገር ግን የብረቱን ጥርስ ማን ሠራው? ሪተር ስለ ብቸኝነቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በጋዜጣ ታተሙ፤ ጋዜጣውን ያነበቡ ሌሎች ሰዎችም ብቸኝነቱን ሊካፈሉት በ1932 ተከትለውት መጡ። ከመጡት አንዲቱ ባሮኒት ነኝ የምትል ሴት ነበረች። ጠቡ ብዙ ነበር። በ1934 ባሮኒቷና አንድ ጓደኛዋ የገቡበት ሳይታወቅ ጠፉ፤ ሪተርም በዚያው ዓመት፣ ሥጋ አልበላም ሲል የኖረ ሰው፣ የተበላሸ የዶሮ ሥጋ በልቶ ሞተ ተባለ። በደሴቲቱ የቀሩት የቪትመር ቤተ ሰቦች ናቸው። የቤቱ እመቤት ማርግሬት ቪትመር እስከ 2000 እዚያው ኖራ በእርጅና ሞተች፤ ቤተ ሰቧ ግን እንግዳ እያሳደረ ነበር የሚተዳደረው።

ባዶ ስለ ተባለችው ደሴትም አንድ ነገር ልጨምር። ሪተር ሲደርስ በደሴቲቱ ላይ የዱር ከብትና የብርቱካን ዛፍ አገኘ። እነዚህን ከብዙ ዓመታት በፊት እዚያ ሠፍረው የነበሩ ሰዎች የተዉአቸው ነበሩ።

በእኛ አገር ልማድ ዱር የሚገባ ሰው ሁለት ዓይነት ነበር፤ መናኝና ሽፍታ። መናኙ ቅጠል በጥሶ ሥር ምሶ ይኖራል፤ የሚገባው ግን ራሱን ሊክድ ነው። ሽፍታውም የሌላውን በግ እየበላ መኖሩን አይደብቅም። ሁለቱም «ራሴን ቻልሁ» ብለው ሲፎክሩ አልተሰማም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የኖሩት መነኮሳት ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ተሳስረው ኖሩ፤ በየጁ በዳናና በሌሎችም የወሎ የእስልምና ትምህርት ስፍራዎች የተማሩት ደረሶች ጎረቤቱ ባካፈላቸው እንጀራ ቂርአታቸውን ጨረሱ።

አሁን ከባሕር ማዶ ወደ አገራችን ገብተው ወደ ኖሩት ልምጣ።

ዳንኤል ሳንፎርድ የተባለው እንግሊዛዊ ወታደር በ1910ዎቹ ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ ከሙገር ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ ሙሉ በሚባል ስፍራ ከባለቤቱ ከክርስቲን ጋር እርሻ አቋቋመ። ሥዕል ቢነሣ ለምኞታችን የሚስማማ ነው፤ ገደል፣ ጭጋግ፣ በድንጋይ የተሠራ ቤት። ነገር ግን ሳንፎርድ ከሰው የራቀ ሰው አልነበረም። አማርኛ ያውቃል፤ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ይተዋወቃል፤ ዙሪያውን የሚያርሱት ገበሬዎች ጎረቤቶቹ ናቸው። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ወጣ፤ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ደግሞ ተልእኮ 101 የተባለውን ጓድ መርቶ ከሱዳን ወደ ጎጃም ገባና ከአርበኞች ጋር ተገናኘ። ባለቤቱም በአዲስ አበባ ስሙን የሚጠራ ትምህርት ቤት አቋቋመች። በ1964 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ከዚሁ አገር አልተለየም። ሳንፎርድን እዚህ ያቆየው የሸለቆው አፋፍ ነው ብሎ የሚያምን ካለ እኔ አልስማማም፤ ያቆየው ትውውቁ ነው።

ኢጣልያኖቹም ራሳቸው ገበሬ ሊያሰፍሩ ሞክረው ነበር። በሆለታና በቢሾፍቱ ለቀድሞ ወታደሮቻቸው፣ በወገራ ለሮማኛ ሰዎች፣ በጨርጨር ለፑሊያ ሰዎች መሬት ከለሉ። በሮም ካርታ ላይ ሜዳው ባዶ ነበር። በወገራ ግን አርበኛው ካርታውን አላነበበም! የመጡት ጥቂት መቶ ቤተ ሰቦች ሳይደላደሉ በ1933 ዓ.ም. ሁሉም ነገር አበቃ። ከዚያ ዘመን ለእኛ የቀረልን ይህ ከፊታችን የሚያልፈው መንገድ ነው።

የሻሸመኔው ግን ከዚህ ሁሉ የተለየና ልብን የሚነካ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ኢትዮጵያን ስለ ደገፉ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም ጥቁር ሕዝብ በኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን በኩል አምስት ጋሻ፣ ማለት 200 ሄክታር ያህል መሬት ሰጡ። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ከሞንትሴራት ደሴት የተገኙት ሄለንና ጄምስ ፓይፐር ነበሩ። ኖኤል ዳየር የተባለው ጃማይካዊ ራስ ተፈሪያን ደግሞ በ1964 ከእንግሊዝ አገር ተነሥቶ፣ በስፔይንና በሞሮኮ አድርጎ፣ ሰሜን አፍሪካን በየብስ አቋርጦ፣ በሱዳን ታስሮ ተፈትቶ፣ ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ሻሸመኔ ገባ። እነዚህ ሰዎች የሄዱት ወደ ማያውቁት ዱር ሳይሆን ወደ አባቶቻቸው አገር ነው፤ ሐሳባቸው እንዲህ ነበር።

መሬቱስ? ዙሪያውን የአርሲ ኦሮሞ ሕዝብ ይኖርበት ነበር። ሰፋሪዎቹ የንጉሡን ቃል ይዘው መጡ፤ ጎረቤታቸው ግን ንጉሡ ሳይሆን የአርሲ ገበሬ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ስጦታው እንደ ሌላው መሬት ሁሉ ተወረሰ፤ ከሰፋሪዎቹም ብዙዎቹ ወጡ። የቀሩት በጥቂት ቦታ ላይ ሆነው ከሕዝቡ ጋር ኖሩ፤ ተጋቡ፤ ወለዱ። እዚሁ የተወለዱት ልጆቻቸው እንኳ ለረጅም ጊዜ ወረቀት አልነበራቸውም። በአገሩ ያለ ቪዛ እንዲኖሩና እንዲሠሩ የሚያስችል መታወቂያ ለማኅበረ ሰቡ እንዲሰጥ የተወሰነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከ1948 ወዲህ ያለውን ዘመን ቁጠሩት። ዱሩን መመንጠር የአንድ በጋ ሥራ ነው፤ ጎረቤትና ወረቀት ማግኘት ግን የሰው ዕድሜ ያህል ወሰደ።

እስኪ አሁን አንዱን ፈረንጅ ወደ ሀብሩ እናምጣው። ስም አልሰጠውም። ጤነኛ ነው፤ ሥራ ይወዳል፤ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። ሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል መግዛት አይችልም፤ ለክርክራችን ሲባል ግን ሁለት ጥማድ፣ ማለት ግማሽ ሄክታር አገኘ እንበል። ይህ ንፉግነት አይደለም፤ ብዙው የሀብሩ ገበሬ የሚያርሰው ከአንድ ሄክታር በታች ነው። ማሽላ ዘራ። ዓመቱ መልካም ሆኖ በሄክታር 20 ኩንታል ቢገኝ የእርሱ ድርሻ 10 ኩንታል ይሆናል። አንድ ሰው በዓመት ሁለት ኩንታል ያህል ቢበላ አምስቱ ሰዎች 10 ኩንታሉን ጨረሱት። ለዘር አልቀረም፤ ለልብስ፣ ለግብር፣ ለመድኃኒት አልቀረም፤ አይጡም ድርሻውን አልወሰደም።

መልካም ዓመት አልሁ እንጂ የወሎን ዝናብ እናውቀዋለን። በሚያዝያ የሚዘራው፣ ብዙ የሚያፈራው ማሽላ በልግን ይጠብቃል። በልግ ከቀረ ገበሬው በክረምት ቶሎ የሚደርስ ዘር ወይም ጤፍ ይዘራል። በበቀለውም ማሽላ ሥር አቀንጭራ ተጣብቃ ትመጠዋለች። ለዚህ መፍትሔ ከተገኙት መካከል አቀንጭራን የሚቋቋሙት ጎብዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዘሮች ናቸው። የምርምሩ ባለቤት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሠሩ ኢትዮጵያዊ ሲሆኑ በ2009 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል። የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከልም ለዚህ ቆላ የሚስማማ ዘር ሲፈትሽ ኖሯል። እንግዲህ ፈረንጃችን የማንንም እጅ ላለማየት መጥቶ ገና ዘር ሲፈልግ የስንት ሰው እጅ አየ?

ውኃም እንዲሁ ነው። ከቆቦ እስከ ግራና ባለው ሸለቆ ገበሬው ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን የክረምት ጎርፍ እየጠለፈ ወደ ማሳው ያስገባል። ይህን ሥራ ያየ ሰው ይረዳልኛል። ጎርፉ ሌሊት ይመጣል፤ የአፈርና የጭራሮ ግድቡን ይዞ ይሄዳል፤ ቦዩን የሚጠርግ፣ ግድቡን የሚመልስ የሰው ብዛት ይፈልጋል። አንድ ሰው ብቻውን ጎርፍ አይጠልፍም፤ ጎርፉ እርሱን ይጠልፈዋል እንጂ። ውኃው ከተያዘ በኋላ ደግሞ ተራ አለ። ከላይ ያለው ጠጥቶ እስኪጨርስ ከታች ያለው ይጠብቃል፤ ተራ የሰረቀ በሽማግሌ ፊት ይቆማል። «ራሴን ችዬ እኖራለሁ» የሚለው እንግዳ በመጀመሪያው ክረምት ወይ ከሕዝቡ ጋር አካፋ ይዞ ይወጣል፣ ወይ ማሳው ይደርቃል።

በሬውን አስቡ። ጥንድ በሬ ያለው ስንቱ ነው? አንድ በሬ ያለው ከአንድ በሬ ባለቤት ጋር ይቀናጃል፤ መቀናጆ የሌለው ሰው የያዘው በሬ ሥጋ እንጂ በሬ አይደለም። ማረሻው ከቀጥቃጩ ነው። አረሙ በወንፈል፣ አጨዳው በደቦ ነው። ጨው ከአፋር ይመጣል፤ ድሮ በአሞሌ፣ ዛሬ በከረጢት። በሀብሩ ምሥራቅ ያለው፣ ከመከር በኋላ ባዶ የሚመስለው ሜዳም ባዶ አይደለም፤ በበጋ ግመሉንና ከብቱን ይዞ የሚመጣ አለው። ሰውም ይሞታልና በቅሬ ያልገባ ሰው ማን ይቀብረዋል? እኔ ስለ ወሎ ቅሬ ስናገር አንዳንድ ጓደኛ የሽማግሌ ነገር ነው ብሎ ፈገግ ይላል። ቢሆንም ፈረንጃችን አንድ ዶሴ ብቻ እንዲሞላ ቢፈቀድለት የቅሬውን መዝገብ አስቀድሞ እንዲፈርም እመክረዋለሁ።

ይህ መላ ምት እንዳይመስላችሁ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ በጦርነቱ ተይዘው በቆዩባቸው ወራት ባንክ፣ መብራትና ስልክ አልነበረም። ያን ጊዜ ከተማችን ሳትወድ በግድ ዱር ሆና ነበር። በባንክ ደብተሩ ብዙ ገንዘብ የነበረው ሰው ከጎረቤቱ ጎተራ ተበድሮ በላ። በዚያን ጊዜ ብቻውን የከረመ ቤት ካለ አልሰማሁም።

እስካሁን ስለ ፈረንጅ ተናገርሁ። ከዚህ አገር ተነሥቶ፣ ወደማያውቀው ዱር ተወስዶ፣ «ራስህን ቻል» የተባለው ሕዝብ ግን የእኛው ሕዝብ ነው። ይህን ሳልናገር ብወርድ ርእሱን አልነካሁትም።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ሕዝብ እያነሣ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በጋምቤላ፣ በመተከልና በከፋ አሰፈረ። በአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ የተወሰደው ሕዝብ ወደ 600,000 ይጠጋል፤ ከሁሉ የሚበዛውም የወሎ ሰው ነበር። በአውቶቡስ፣ በካሚዮንና በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጫነ። ወዶ የሄደ ነበር፤ ለእርዳታ እህል በተሰለፈበት ተይዞ የሄደም ነበር። ባልና ሚስት በተለያየ መኪና ሄደው የተጠፋፉበት ጊዜ ነው። ይነገራቸው የነበረው ስለ ድንግል መሬት ነው፤ ጥቁር አፈር፣ የማይቋረጥ ዝናብ፣ ባለቤት የሌለው ጫካ።

ጫካው ግን ባለቤት ነበረው። በመተከል የጉሙዝ ሕዝብ ጫካውን መንጥሮ፣ አቃጥሎ፣ ጥቂት ዓመት ዘርቶ፣ መሬቱ እስኪያገግም ትቶት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ከዓመታት በኋላም ይመለሳል። ከአውሮፕላን ለሚያይ መሐንዲስ የተተወው መሬት ድንግል ይመስላል። ለጉሙዙ ግን ጾሙን ያደረ የገዛ ማሳው ነው። በጋምቤላም ለአኝዋ ሕዝብ ነገሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ከሀብሩና ከራያ የሄደው ገበሬ፣ በሬ ገርቶ ከወይፈንነቱ ጀምሮ ሲያርስ የኖረ ሰው፣ ገንዲ በሬውን በሚገድልበት ቆላ ወረደ። የወባ ትንኝ ልጁን ወሰደችበት። እርሻው የጋራ፣ ትራክተሩ የመንግሥት፣ ደመወዙ ነጥብ ሆነ። ከዚያ በእግሩ ጠፍቶ ወሎ ለመመለስ የሞከረው ስንቱ ነው! በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎች ተመለሱ፤ የተመለሰውም በመንደሩ መሬቱን ሌላ ሰው ሲያርሰው አገኘው።

ሁሉም አልተመለሰም። በወለጋ የቀረው ሰው ቀስ በቀስ በሬም ገዛ፤ ቡና ተከለ፤ ኦሮምኛ ተማረ፤ ልጆቹ ከጎረቤት ልጆች ጋር አደጉ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሰፋሪ የሚለው ስም የሚረሳ ይመስል ነበር። አልተረሳም። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ በጊምቢ ወረዳ በቶሌ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ በዚያ የሠፈራ ዘመን የሄዱት ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። ከወለጋ ከተፈናቀሉት መካከል በዚያው ዓመት ወደዚህ መጥተው በጃራ መጠለያ የሠፈሩ አሉ። ጃራ ያለው በሀብሩ ወረዳ ነው። አያቱ በ1977 ዓ.ም. ተጭኖ ከሄደበት አገር የልጅ ልጁ ተፈናቃይ ሆኖ መጣ፤ የመጣውም ተወልዶ ወደማያውቀው መንደር ነው። መሬት የለውም፤ መቀናጆ የለውም፤ የቅሬ መዝገብ ላይም ስሙ የለም።

ጓደኞቼ፣ ወደ ሩቅ አገር የሄደው የበርሊኑ ሐኪም ደብዳቤው በጋዜጣ ታትሟል፤ ስለ እርሱም በየቋንቋው መጻሕፍት ተጽፈዋል። ዳየር በየብስ መጓዙም ተጽፎለታል። ከመርሳ ተነሥቶ በአንቶኖቭ ጋምቤላ የወረደው፣ ከዚያም በእግሩ የተመለሰው ሰው ታሪክ ግን በዚህ በእኛ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ስንት ገጽ ይዟል? ሰዎቹ ግን በሕይወት አሉ። በ1977 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ጎልማሳ የነበረው ዛሬ ከስድሳ ዓመት በላይ ነው፤ ዓርብ በመስጊድ፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ ይገኛል።

ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በመጪው የዕረፍት ጊዜ ወደ ሀብሩ፣ ወደ ጉባላፍቶና ወደ ራያ ቆቦ ቤተ ሰቦቻችን የምንሄድ ተማሪዎች እያንዳንዳችን አንድ የተመለሰ ሰፋሪ ፈልገን ታሪኩን በደብተር እንጻፍ። የምንጠይቀውን ጥያቄ የታሪክና የሶሲዮሎጂ መምህራን ቢያርሙልን መልካም ነው። በየት በኩል ተወሰደ? ከማን ጋር ተቀናጀ? ቋንቋውን ማን አስተማረው? ሲመለስ መሬቱን ማን ይዞት አገኘ? የተናጋሪው ስም እንዲጠራ ካልፈለገ አይጠራ። ደብተሮቹም ተሰብስበው በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጡ። ስምንት ተማሪዎች እስካሁን ስማቸውን ሰጥተውኛል፤ ሌላም የሚፈቅድ ካለ ከስብሰባው በኋላ በሩ አጠገብ እቆያለሁ።